ላይካ ዲስቶ ዲ510፦ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ለመለካት ምን ያህል ይታመናል?

ይህ የሌዘር ሜትር ርቀት ሲናገር ይታመናል፤ ማዕዘን ሲናገር ግን አይታመንም። ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናትን ለክቶ ፕላንና ሴክሽን (ሕንፃው ከላይ ወደ ታች ተቆርጦ የሚታይበት ሥዕል) ለማውጣት መሣሪያውን የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ይህን ነው። ጠባዩን አውቆ ሥራውን በዚያው ልክ ያደራጀ ሰው በጥቂት መቶ ዶላር መሣሪያ የሚያኮራ ሥዕል ያወጣል። ያላወቀ ደግሞ እስከ ሚሊሜትር የተጻፈ የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ይመለሳል።

ዲ510 በእጅ የሚያዝ፣ 198 ግራም የሚመዝን፣ 143 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው መሣሪያ ነው። አምራቹ የሚሰጠው የስህተት መጠን ±1 ሚሊሜትር ሲሆን እስከ 200 ሜትር ይለካል። የሚሠራው በሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ፣ ደብል ኤ በሚባለው ነው፤ ገጠር ሱቅ ውስጥ ሳይቀር ስለሚገኝ ኃይል መሙያ ፍለጋ የለም። አቧራና የውሃ ፍንጣቂ ይችላል። አራት እጥፍ የሚያቀርብ ካሜራ፣ ብሉቱዝ፣ የዘንበልታ መለኪያ የሆነው ቲልት ሴንሰር፣ የትራይፖድ ጥርስ እና ከኋላው የሚታጠፍ እግር አለው። እግሩ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የመስኮት ጥግና የምሰሶ ሥር ለመለካት ግን ከካሜራው ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው።

መጀመሪያ ስለ ማዕዘኑ። መሣሪያውን የሚያስገዛው ማባበያ ይኸው ቲልት ሴንሰር ነው፦ ሌዘሩን ወደ ጉልላቱ አነጣጥሩ፣ ቁልፉን ተጫኑ፣ ቁመቱም አግድም ርቀቱም ስክሪኑ ላይ ይወጣል። መውጣቱስ ይወጣል። ነገር ግን ሴንሰሩ ከጨረሩ አቅጣጫ እስከ 0.2 ዲግሪ ሊያፈነግጥ እንደሚችል አምራቹ ራሱ በመግለጫው አስፍሮታል። ሲሰላ ይህ በእያንዳንዱ ሜትር አግድም ርቀት 3.5 ሚሊሜትር የቁመት ስህተት ማለት ነው። ከግድግዳው 10 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ቁመቱን 35 ሚሊሜትር ሊስተው ይችላል። በ1፡100 መጠን ለሚሣል ኤሌቬሽን (የፊት ገጽ ሥዕል) 0.3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መስመር 30 ሚሊሜትር ስለሚሸፍን ነገሩ ሊታለፍ ይችል ይሆናል። በ1፡50 ግን ያው መስመር 15 ሚሊሜትር፣ በ1፡20 ደግሞ 6 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ስህተቱ በወረቀት ላይ በዓይን ይታያል። የፊት ለፊት ገጽን ቁመት እየቆጠረ የሚሄደው ፕሮግራም፣ አምራቹ የቁመት ፕሮፋይል የሚለው፣ ያለበት ጉድለት ይኸው ነው። ለፈጣን ንድፍ ጥሩ ነው፤ ለቅርስ መዝገብ አይሆንም።

ሴንሰሩ የሚታመንባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ ጨረሩ ከአግድም ብዙ ሳይርቅ ሲቀር ነው፦ ዘንበልታው ከ5 ዲግሪ በታች ከሆነ በ10 ሜትር ላይ አግድም ርቀቱን የሚያዛባው ቢበዛ 3 ሚሊሜትር ነው። ሌላው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲተኮስ ነው። 8 ሜትር ከፍታ ላለው ኮርኒስ መሣሪያው አንድ ሙሉ ዲግሪ እንኳ ቢዘነብል የርቀቱ ልዩነት ከ1.2 ሚሊሜትር አይበልጥም። ስለዚህ ቁመት ሁሉ በቀጥታ ይለካ፤ ከማዕዘን አይሰላ። እንደ ላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ በጉድጓድ ውስጥ ለቆመ ሕንፃ ከጉድጓዱ አፍ ወደ ወለሉ ቀጥታ ወደ ታች መተኮስ ይቻላል፦ መሣሪያው ከጠርዙ በወጣ ጠንካራ ጣውላ ላይ ይታሰራል፣ ለኪው በገመድ ይጠበቃል፣ ታች ያለው ሰው ወለሉ ላይ ነጭ ካርድ ዘርግቶ ነጥቧ የት እንዳረፈች ምልክት ያደርጋል። ጎን ለጎን ቱምቢ ቢወርድ የሚገኘው ማረጋገጫ ከየትኛውም ኤሌክትሮኒክስ የሚያንስ አይደለም።

ሴንሰሩ ራሱ በየጊዜው ይፈተሽ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ መሣሪያውን ለስላሳና ጠንካራ ቦታ ላይ አስቀምጦ ማንበብ፣ ከዚያ በዚያው ቦታ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ዳግም ማንበብ። አንዱ +0.4 ሌላው −0.2 ቢል ድምሩ 0.2፣ ግማሹ 0.1 ነው፤ የሴንሰሩ ስህተት ይህ ነው፤ ቦታው ራሱ የዘነበለው 0.3 ዲግሪ ነው ማለት ነው። በሜኑው ውስጥ ያለው የማስተካከያ ፕሮግራምም የሚሠራው በዚህ ሐሳብ ነው። ይህ የሚያስተካክለው ግን ሴንሰሩ ከመሣሪያው አካል ጋር ያለውን ግንኙነት እንጂ ጨረሩ ከአካሉ ጋር ያለውን አይደለም። ስለዚህ አስተካከልኩ ብሎ 1፡20 ላይ መተማመን አይቻልም።

ርቀቱንም መፈተሽ ቀላል ነው። በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ሦስት ነጥቦች፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ ይያዙ። ከሀ እስከ ለ፣ ከለ እስከ ሐ፣ ከሀ እስከ ሐ ይለካ። የሁለቱ አጫጭሮች ድምር ከረጅሙ ከተለየ ልዩነቱ መሣሪያው በእያንዳንዱ ንባብ ላይ የሚጨምረው ቋሚ ስህተት ነው። ብዙውን ጊዜ ግን እንዲህ ያለ ስህተት ሲገኝ ጥፋቱ የሌዘሩ ሳይሆን የመነሻው ነው። ዲ510 ከጀርባው፣ ከትራይፖዱ ጥርስ ወይም ከፊቱ መለካት ይችላል፤ የትኛው እንደተመረጠ የሚያሳየው ስክሪኑ ላይ ያለችው ትንሽ ምልክት ናት። ምልክቷን ሳያዩ ከፊት ያለውን ከኋላ ብሎ መጻፍ 143 ሚሊሜትር ያሳስታል፤ የግድግዳ ውፍረት ላይ እንዲህ ያለ ስህተት የቤተ ክርስቲያኑን ዘመን እስከማከራከር ይደርሳል። የሚታጠፈው እግርም የድንጋይ ትቢያ ከያዘው አጋማሽ ላይ ይቆማል። በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ፤ ዘይት አይቀባ፣ ዘይት ትቢያውን ይስባል።

አሁን ወደ ሥራው። ይህ መሣሪያ የአግድም ማዕዘን ጨርሶ ስለማይለካ ፕላን የሚወጣው ርቀትን ብቻ በመጠቀም ነው። ለኪው ሁሉን ነገር ወደ ሦስት ማዕዘን መበተን አለበት። ሕንፃውን ለመያዝ የሚሻለው ቅርጽ ዲያጎናል (ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ የሚያልፍ መስመር) ያለው አራት ማዕዘን ነው፦ አራት ጎን፣ ሁለት ዲያጎናል፣ ስድስት ልኬት። አምስቱ ቅርጹን ይወስናሉ፣ ስድስተኛው ይመሰክራል። ስድስተኛው ከስሌቱ በ5 ሚሊሜትር ቢለይ ሰላም ነው፤ በ40 ቢለይ አንዱ ልኬት ውሸት ነው፤ ከሰፈሩ ሳይነሱ ማግኘት ይገባል። አውቶካድ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ በሁለት ክብ መቁረጫ ነጥብ የሚያወጣ ሰው ደግሞ የሚቆራረጡት ክቦች ማዕዘን ከ30 ዲግሪ እንዳያንስ፣ ከ150 እንዳይበልጥ ይጠንቀቅ። እያንዳንዱ ርቀት 3 ሚሊሜትር ስህተት ቢኖረው በ30 ዲግሪ ላይ የነጥቡ ስህተት 8.5 ሚሊሜትር፣ በ15 ዲግሪ ላይ 16 ሚሊሜትር ይደርሳል። ሌዘሩ አልተለወጠም፤ ጂኦሜትሪው ነው ያበላሸው።

እንደ ላሊበላው ቤተ መድኃኔ ዓለም ያለ በምሰሶ ረድፎች በአምስት መተላለፊያ የተከፈለ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ዲያጎናሉ አይታይም። ውጩ 33 ሜትር ተኩል በ23 ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ዲያጎናሉ 41 ሜትር ያህል መሆኑ ነው፤ የውስጡ አራት ረድፍ ምሰሶ ግን ከጥግ ጥግ እንዲታይ አይፈቅድም። በምሰሶዎች መካከል ያለውን እያንዳንዱን አራት ማዕዘን ለብቻው እየለኩ መቀጣጠል ይቻላል፤ ሆኖም ስህተቱ እየተደመረ ይሄዳል። ስለዚህ አስቀድሞ በመተላለፊያዎቹ ውስጥ ረጃጅም ቀጥታ መስመሮች ይዘርጉ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንድ ሲባጎ ተወጥሮ በሱ ላይ የተተኮሰው አንድ ርቀት ሰባት ስምንት ትንንሽ ልኬቶችን ይቆጣጠራል። ትንንሾቹ ሲደመሩ ትልቁን ካላከሉ ልዩነቱ ይከፋፈላል፤ ትልቁ አይነካም።

የክብ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው፤ መሣሪያው የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። ከውጭ ቅኔ ማኅሌት፣ ከዚያ ቅድስት፣ መካከል ላይ መቅደስ። ማዕከሉ መቅደስ ውስጥ ነው፤ መቅደስ የሚገባው ካህንና ዲያቆን ብቻ ነው። ራዲየሱ በቀጥታ አይለካም ማለት ነው። ብዙ ሰው ወደ መጽሐፉ ቀመር ይሮጣል፦ በክቡ ግድግዳ ላይ ቀጥታ አውታር መወጠር፣ ከአውታሩ መካከል እስከ ግድግዳው ያለውን የቀስት ቁመት መለካት፣ ከዚያ የአውታሩን ካሬ ለስምንት ጊዜ የቀስቱ ቁመት አካፍሎ የቀስቱን ቁመት ግማሽ መደመር። ቀመሩ ልክ ነው፤ በአጭር አውታር ግን ወጥመድ ይሆናል። አውታሩ 6 ሜትር፣ ቀስቱ 480 ሚሊሜትር ቢሆን ራዲየሱ 9.615 ሜትር ይወጣል። ቀስቱ በ5 ሚሊሜትር ብቻ ተሳስቶ 485 ቢባል ራዲየሱ 9.521 ይሆናል። 5 ሚሊሜትር የጭቃ ምርጊት እብጠት ራዲየሱን በ94 ሚሊሜትር አዛባው ማለት ነው፤ አንድ ሚሊሜትር የሚለይ ሌዘር እዚህ ምንም አያድንም። ተራ የጨርቅ ሜትር ይበልጠዋል፦ ግድግዳውን ከውጭ በአንድ ከፍታ ዙሪያውን መለካት። ዙሪያው በ5 ሴንቲሜትር እንኳ ቢሳሳት ራዲየሱ የሚዛባው በ8 ሚሊሜትር ብቻ ነው።

ይህ አማካይ ራዲየሱን ይሰጣል እንጂ ቅርጹን አይሰጥም። ችካል ተክሎ በገመድ የተሠራ ክብ ሁልጊዜ ፍጹም ክብ አይደለም፤ በየዘመኑ የታደሰ ግድግዳም ከመጀመሪያው መስመር ይወጣል። ስለዚህ በቅድስት ውስጥ ከመቅደሱ አራት ጥግ ወደ ክቡ ግድግዳ የተሻገሩ ርቀቶች ያስፈልጋሉ፤ ቢያንስ አሥራ ሁለት ነጥብ፣ እያንዳንዱ ከሁለት ጥግ። ዲ510 የሚያምረው እዚህ ነው። ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ትራይፖድ የሚያቆም ቦታ የለም፤ እግሩን አጥፎ የመቅደሱን ጥግ መያዝ ግን ይቻላል።

የመቅደሱ አራት ማዕዘንነትስ? ዲያጎናሉ ከውስጥ ስለሆነ በውጭ በኩል መፍትሔ መፈለግ ነው። አንዱን ገጽ በሲባጎ ከጥጉ አልፎ በ1.20 ሜትር ማስረዘም፣ በሌላኛው ገጽ ላይ ከጥጉ 1.60 ሜትር ምልክት ማድረግ፣ በሁለቱ መካከል መለካት። ጥጉ ቀጥ ያለ ማዕዘን ከሆነ 2.000 ሜትር ይመጣል። አንድ ዲግሪ ከፈታ ወይም ከጠበበ ልዩነቱ 17 ሚሊሜትር ነው፤ ለዚህ ደግሞ የሌዘሩ ሚሊሜትር በደንብ ይበቃል። ይህ በአራቱም ጥግ ይደገም፤ የአራቱ ማዕዘን ድምር 360 ካልሆነ ስህተት መኖሩ ይታወቃል።

የመቅደሱን ግድግዳ ውፍረት ማወቅ የሚፈልግ ሰው በሩ ላይ መቃኑን ከውጭ ሊለካ ይችላል፤ ከደጃፉ ወዲያ ያለው ግን የካህኑ ነው። እዚህ ላይ 198 ግራም መሆኑ ዋጋ አለው፦ ቄሰ ገበዙ ፈቅደው ዲያቆን መሣሪያውን ይዞ ገብቶ ሦስት አራት ርቀት ሊለካ ይችላል፤ አንድ ቁልፍ ነው። ሙሉ ቅርጽን በብዙ የሌዘር ነጥብ የሚለካው ስካነር እንዲህ አይገባም። የማይፈቀድ ከሆነ ደግሞ ቦታው በሥዕሉ ላይ ባዶ ይተው፤ ተገምቶ በተቆራረጠ መስመር የተሣለ መቅደስ ከባዶው ይበልጥ ያሳስታል።

መጋረጃ የሌዘር ጠላት ነው። ከምዕራብ በር ወደ መቅደሱ በር በቀጥታ ቢተኮስ የሚገኘው የመጋረጃው ርቀት ነው፤ ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥርም ይለዋወጣል። በመቃኑ ገጽ ልክ ካርድ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። በጣና ገዳማት፣ ለምሳሌ በዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ የመቅደሱ ሥዕሎች በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ጨርቁ በለቀቀበት ቦታ ጨረሩ የሚለካው እብጠቱን እንጂ ግድግዳውን አይደለም። ሥዕል በሌለበት ጠርዝ ላይ መለካት ይሻላል። ለቀለሙ ግን መስጋት አያስፈልግም፤ ጨረሩ ክፍል 2 ሌዘር ነው፣ ኃይሉ ከአንድ ሚሊዋት በታች ነው። ጉዳት የሚያደርሰው ዒላማ ለመለጠፍ የሚወጣው ፕላስተር ነው፤ ሲነሣ ቀለሙን ይዞ ይነሣል። በሥዕልም በድንጋይም ላይ ምንም አይለጠፍ፣ ምስማር አይመታ፣ በቀለም ምልክት አይደረግ። በቤተ ማርያም መካከል ያለው በጨርቅ የተሸፈነው ምሰሶም እንደተሸፈነ ይለካል፤ ሥዕሉ ላይ «ልኬቱ እስከ ጨርቁ ነው» ተብሎ ይጻፍ፣ አለቀ።

በውቅር አብያተ ክርስቲያናት የሌዘሩን ሚሊሜትር የሚያዋርደው ድንጋዩ ነው። የመሮው ምልክት ከግድግዳው ገጽ አንድ፣ ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት ሴንቲሜትር ይገባል ይወጣል። የጨረሩ ነጥብ በ10 ሜትር ላይ 6 ሚሊሜትር፣ በ50 ሜትር ላይ 30 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ ጉድባ ውስጥ ማረፉንና ጉብታ ላይ ማረፉን ዕድል ነው የሚወስነው። መዳፍ የሚያህል ቀጭን ጣውላ ገጹ ላይ ተደግፎ ወደ ጣውላው መተኮስና የጣውላውን ውፍረት መደመር ይሻላል። ጠርዝ ላይም እንዲሁ። ግማሹ ነጥብ ከምሰሶው ጠርዝ፣ ግማሹ ከኋላ ካለው ግድግዳ ሲመለስ መሣሪያው የሁለቱንም ያልሆነ ቁጥር ያወጣል፤ ያለማስጠንቀቂያ። «በቤተ ክርስቲያኑ የተሠራበት ክንድ ይህን ያህል ሴንቲሜትር ነው» የሚሉ ጽሑፎች ላይ ጥርጣሬ የሚገባውም ለዚህ ነው። ገጹ በሁለት ሴንቲሜትር በሚዋልልበት ድንጋይ ላይ እስከ ሚሊሜትር የተወሰነ ጥንታዊ መለኪያ ማግኘት ከድንጋዩ ይልቅ የለኪውን ምኞት ያሳያል።

ስክሪኑ የሚያወጣቸው የስህተት ቁጥሮች በቃል መያዝ አለባቸው፤ አራቱ ይበቃሉ። 255 የተመለሰው ብርሃን ደካማ ነው ማለት ነው፤ ከጧፍና ከዕጣን በጠቆረ ግድግዳ ላይ ይበዛል፣ ነጭ ካርድ ይፈታዋል። 256 ተቃራኒው ነው፦ በጣም ያንጸባርቃል፤ በመስታወት፣ በቆርቆሮና በናስ ላይ ይመጣል። 257 የፀሐይ ብርሃን በዛ ማለት ነው፤ በላሊበላ ጉድጓዶች ውስጥ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የሚያርፍበትን ገጽ ትቶ ጥላ ያለበትን ጎን መለካት ነው። 260 ጨረሩ ተቋረጠ ማለት ነው፤ ሰው ሲያልፍ ወይም ዕጣኑ ገና ሳይበተን ይታያል። ደጅ በቀን ቀይዋ ነጥብ ለዓይን ስለማትታይ አራት እጥፍ የሚያቀርበው ካሜራ ያስፈልጋል፤ በቅርብ ርቀት ግን የካሜራው መስቀል ከጨረሩ ጋር ስለማይገጥም ነጥቧ በምትታይበት ሁሉ ነጥቧን ማመን ነው። በእጅ ይዞ በሩቅ መተኮስ ያንቀጠቅጣል፤ ሰዓት ቆጣሪውን መጠቀም ወይም ትራይፖድ።

ወለል ሌላ የተደበቀ ችግር ነው። ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ ተነጥፏል፣ ከሥሩ ሰሌን፣ አንዳንዴ ከሰሌኑ ሥር ሣር። ከምንጣፍ ላይ ወደ ኮርኒስ የተተኮሰ ቁመት በየቦታው የተለያየ ነው። መፍትሔው ከወለሉ ጨርሶ አለመነሣት ነው፦ በግልጽ የላስቲክ ቱቦ ውሃ ልክ አንድ ከፍታ በሕንፃው ውስጥም ውጭም ይዘዋወር፣ ቁመት ሁሉ ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች ይለካ። የቱቦው ውሃ አረፋ ካለበት ይዋሻል፤ አስቀድሞ ሁለቱን አፍ አጠጋግቶ ውሃው እኩል መቆሙን ማየት። በጥላ የነበረውን ቱቦ ግማሹን ፀሐይ ላይ መዘርጋትም ልዩነት ያመጣል። የፕላኑ መቁረጫ ከፍታም ከዚሁ ይያዝ፤ ከልኩ 1.20 ሜትር ላይ ተወስኖ በሁሉም ክፍል አንድ ይሁን፤ ካልሆነ ግድግዳው እየዘነበለ ሲሄድ ፕላኑ የማንኛውም ከፍታ ያልሆነ ቅርጽ ይይዛል።

ብሉቱዙ ይሠራል፤ መተግበሪያውም ቁጥሩን ወደ ስልክ ይልካል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ከመካከል ከገባ ግን ይቆረጣል። ከዚያ በላይ የሚያሳስበው ቁጥሩ ያለ ስም መምጣቱ ነው። 4.318 ከየት እስከ የት? መሣሪያው የሚያስታውሰው የመጨረሻዎቹን 30 ልኬቶች ብቻ ነው። እርሳስና ወረቀት አሁንም ይበልጣሉ፦ የመነሻ ነጥብ፣ የመድረሻ ነጥብ፣ ርቀት፣ «በካርድ» ወይም «በጣውላ» የሚል ማስታወሻ። አንዱ ይተኩሳል፣ ሌላው የሰማውን ጮክ ብሎ ደግሞ ካነበበ በኋላ ይጽፋል። ለመሥመሮቹ ሥዕል በእጅ የተነደፈ ትልቅ ፕላን አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ ልኬት ከመጀመሩ በፊት ነጥቦቹ ስም ያግኙ።

ስካነር ያላቸው ሰዎች ይህን ሁሉ ድካም ለምን ይሉ ይሆናል። ትንሹ የላይካ ስካነር ቢኤልኬ360 በ2016 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ዋጋው 16 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፤ አንድ ኪሎ ይመዝን፣ በሰከንድ 360 ሺህ ነጥብ ይለካ ነበር፤ በ10 ሜትር ላይ የነጥቡ ስህተት 6 ሚሊሜትር ነበር። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በስካነር የለካው የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው የዛማኒ ፕሮጀክት ያገኘው ዓይነት ሙሉ ቅርጽ፣ የተጠማዘዘ ገጽ፣ የተሰነጠቀ ጣሪያ፣ ወጣ ገባ ዐለት፣ በሌዘር ሜትር አይታሰብም። ስንጥቅ በዓመታት ውስጥ መስፋቱን ለመከታተል፣ ዐለቱ መንሸራተቱን ለማወቅ ዲ510 መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። የክብ ቤተ ክርስቲያን ፕላን፣ የአንድ ገጠር ደብር የጥገና ሥዕል፣ የተማሪ ጥናት ግን ሌላ ነው። በጠፍር ገመድ ተስቦ ወደሚወጣበት ወደ ደብረ ዳሞ ዓይነት ቦታም ኪስ የሚገባ መሣሪያ ብልጫው ግልጽ ነው። የስልክ ላይዳር፣ በአንዳንድ ስልኮች ውስጥ ያለው የሌዘር መለኪያ፣ ደግሞ እስከ 5 ሜትር ገደማ ነው የሚያየው፤ ረጅም መተላለፊያ ዞሮ ሲመለስ መነሻው ላይ አይገጥምም፤ ለንድፍ እንጂ ለልኬት አይሆንም።

ዲ510 የማይበቃበት አንድ ቦታ ዋሻ ነው። በላሊበላ ቤተ ክርስቲያንን ከቤተ ክርስቲያን የሚያገናኙ ጠመዝማዛ ጨለማ መተላለፊያዎች ውስጥ ሦስት ማዕዘን የሚሠራበት ቦታ የለም፤ አቅጣጫ የግድ ይፈለጋል። የዋሻ አሳሾች ለዚህ ሌላ ሞዴል፣ ዲስቶ ኤክስ310፣ ከፍተው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውን ይቀይሩና ኮምፓስ ያለው ዲስቶኤክስ2 ያደርጉታል። በግማሽ ዲግሪ ስህተት 10 ሜትር ላይ 87 ሚሊሜትር ይስታል፤ በባዛልት ዐለት ውስጥም ኮምፓስ ከዚህ ይበልጥ ሊወላገድ ይችላል። እንዲህ ላለው መተላለፊያ ማዕዘንና ርቀት አብሮ የሚለካውን ቶታል ስቴሽን መከራየት ነው።

የሥራ ሰዓቱን የሚወስነው ቅዳሴ ነው። በጾም ወራት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጠዋቱ ለልኬት ይተርፋል፤ በሌላው ጊዜ ቅዳሴው ጠዋት ነው። ከዚያ በፊት የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ፣ የሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ ይሁንታ፤ ቁልፉ ያለው ግን ቄሰ ገበዙ ጋ ስለሆነ ቀኑን ከእሳቸው ጋር መነጋገር ይቀድማል። ቀይ ጨረር ሰዎች ዓይን ላይ እንዳያርፍ ምእመናን ባሉበት አይተኮስ።

ከመሣሪያው ጋር ምን ይገዛ? የሚጠቅመው ጨረሩን በቀስታ የሚያዞረው ኤፍቲኤ360 አስማሚ እና ጠንካራ ትራይፖድ ነው፤ ቀጥታ መስመር ላይ ብዙ ነጥብ ለሚለካ ሰው ልዩነቱ ይታያል። ለቀረው 30 ሜትር ሲባጎ፣ ቱምቢ፣ 20 ሜትር ግልጽ ቱቦ፣ 50 ሜትር የጨርቅ ሜትር፣ ስድስት ነጭ ካርድ፣ አንድ ለስላሳ ብሩሽ። የሌዘሩን ነጥብ ለማየት የሚረዳውን ቀይ መነጽር መተው ይቻላል፤ ካሜራው ሥራውን ይሠራለታል። መጀመሪያ የተጻፈው የእጅ ንድፍና የልኬት ወረቀት ግን ሥዕሉ ካለቀ በኋላም አይጣል፤ አንድ ቅጂ ለደብሩ ይሰጥ። በ1906 እ.ኤ.አ. የጀርመን አክሱም ጉዞ አርክቴክት ዳንኤል ክሬንከር የለካት የአሥመራ ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ዛሬ የለችም፤ ግድግዳዋ በምን ያህል ድርብ እንጨት እንደተያዘ የምናውቀው ከእሱ ሥዕል ነው።